የቡቺ ሁለተኛ ሐኪም

ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡቺ ምግብ ካስጠላት ሰነባብቷል። አጥንት ሲጣልላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። በር ሲንኳኳም አትጮኽም፤ ይህን ከእኛ ቀድመው ያስተዋሉት ጎረቤቶች ናቸው። ሐኪም ቤታችን ድረስ መጣ። «ትኩሳት አላት» ብሎ ሁለት መርፌ ወጋት። ምንነቱን ስጠይቀው «የትኩሳትና የማጠናከሪያ» አለ። ወረቀት አልሰጠንም።

ጥቅምት 25
ዛሬ በላች። እናቴ «አላልኳችሁም? የአየር ለውጥ ነው» አለች።

ጥቅምት 28
ጠዋት ደጃፉ ላይ የደም ጠብታ አየን። ከአፍንጫዋ ነው። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርገው ድዷ ነጥቷል። ሆዷ ላይ፣ ፀጉሩ ሳሳ ባለበት፣ ቁንጫ የነከሳት የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ፤ በጣት ሲጫኗቸው አይጠፉም። ሐኪሙ በስልክ «ያንኑ መርፌ እንድገመው» አለ።

ጎረቤት ምክር አያጣም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በቅቤ አዘዘች፤ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርስ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሌላዋ «እብደት እንዳይሆን» ብላ ልጆቿን ሰበሰበች። አልፈርድባትም። ደግነቱ ቡቺ በየዓመቱ ትከተባለች፤ ስለ ጤናዋ ያለን ወረቀትም የክትባት ካርዷ ብቻ ነው።

ሌላ ሐኪም ይያት አልኩ። እናቴ «ለሰው አንድ ሐኪም በጠፋበት አገር ለውሻ ሁለት!» ብላ ተቆጣች። ቆየት ብላ ግን አጎቴ ፒክአፑን እንዲያውሰን የደወለችው ራሷ ናት። ውሻ የሚጭን ታክሲ የት ይገኛል?

ጥቅምት 29
ቢሾፍቱ ወረድን። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናትና ላቦራቶሪ ያለው ሐኪም አይጠፋም ብለን ነው።

ዶክተሯ ቡቺን ከመንካቷ በፊት ጥያቄ አዘነበች። መቼ ጀመራት? መዥገር ነበረባት? ከመርፌው በኋላ ስንት ቀን ተሻላት? የተወጋችው ምንድን ነው? የመጨረሻውን ለመመለስ የፊተኛው ሐኪም ጋ መደወል ነበረብኝ። ይቀየመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ዴክሳሜታዞንና ቫይታሚን ቢ ነው» አለኝ፣ «ጥሩ አደረግህ፤ እኔ ማይክሮስኮፕ የለኝም።»

ዶክተሯ ነገሩ ገባት። ዴክሳሜታዞን ትኩሳት ያበርዳል፣ የምግብ ፍላጎትም ይከፍታል፤ በሽታውን ግን ሸፍኖት ይቆያል። ባለፈው መብላቷ ለካ ለዚህ ነው።

ቴርሞሜትሩ 40.3 አሳየ። ዶክተሯ ከጆሮዋ እጥፋት ቡናማ መዥገር በፒንሳ ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀመጠችልን። ደም ቀዳች፣ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ በስሱ አሰጣች፣ ቀለም አጠጣቻት። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቷ 38 ሺህ ነው፤ 200 ሺህ እንኳ መሙላት ነበረበት። ማይክሮስኮፑ ላይ ሳጎነብስ አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ወይን ጠጅ እንጆሪ የመሰለ ነገር ተቋጥሮ አየሁ። በሽታው ኤርሊኪዮሲስ ይባላል፤ የሚያስተላልፈው ይኸው ቡናማ መዥገር ነው። «ሁልጊዜ እንዲህ ፊት ለፊት አይገኝም» አለች።

ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀን። ከምግብ ጋር ይሰጣል፣ በወተት ግን አይሆንም፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል።

ኅዳር 2
በር ሲንኳኳ ጮኸች! እናቴ ክኒኑን በተቀቀለ ሥጋ ጠቅልላ ታጎርሳታለች። ለእኔ እንዲህ ያለ ጉርሻ ሰጥታኝ አታውቅም።

ኅዳር 12
ኅዳር ሲታጠን። ልማዱ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል፤ ዘንድሮ በእኛ ግቢ የተቃጠለው የቡቺ መኝታ ጆንያ ነው። ይህ መዥገር መስክ አያሻውም፤ ውሻው በሚተኛበት የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይራባል፣ አንዷም እንቁላሏን በሺህ ትቆጥራለች። ስንጥቆቹን በሲሚንቶ ደፈንናቸው።

ኅዳር 27
ክኒኑ ትናንት አለቀ። ፕሌትሌቷ 240 ሺህ ደርሷል።

ቤት ለቤት እየዞራችሁ የምታክሙ ሐኪሞች፣ የወጋችሁትን መድኃኒት ስምና መጠን በቁራጭ ወረቀት ጻፉልን። ውሻ ያላችሁም ሐኪሙ ከግቢ ሳይወጣ አስጽፉት፤ ሁለተኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።