ወደ ቤይሩት ለምትሄደው ልጃችን



በሽኝቱ ግርግር መሃል እንዳይባክን ብሎ አባትሽ ምክሩን በጽሑፍ አድርጎታል።

የክርስትናንና የእስልምናን ግንኙነት ለመማር ከአፍሪካ ተነሥቶ ቤይሩት የገባ የነገረ መለኮት ተማሪ ከአንቺ በፊትም ነበረ። ላሚን ሳኔህ እ.ኤ.አ. በ1942 ጋምቢያ ውስጥ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው ክርስቲያን ሆኑ፤ በእንግሊዝ በርሚንግሃም፣ በቤይሩት ደግሞ በቅርብ ምሥራቅ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1974 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በእስልምና ታሪክ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ ከ1989 ጀምሮም በ2019 እስኪያርፉ የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። አባትሽ ከማዕረጋቸው ይልቅ የሚያደንቀው የመረጡትን ጥናት ነው። በ1979 ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ጃኻንኬዎች ነው፤ እነዚህ የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊም ሊቃውንት ከጦርነትና ከሥልጣን ሸሽተው በማስተማር የኖሩ ናቸው። ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ስለ ቀድሞ ወገኖቹ ሲጽፍ እንከን ፍለጋ ይቀናዋል። ሳኔህ ግን በወገኖቻቸው ዘንድ የነበረውን የሰላም ትውፊት በጥንቃቄ መዘገቡ፤ በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍም ወደዚያው ጉዳይ ተመለሱ። የክርስትና እምነታቸውን ግን አልሸሸጉም። አንቺም ከዚህ ያነሰ አትመኚ።

ቤይሩት ውስጥ አንድ ጥሩ ልማድ ታገኛለሽ። የኢየሱሳውያን ማኅበር በ1875 የመሠረተው የቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ የእስልምናና የክርስትና ጥናት ተቋም አለው፤ የተቋቋመውም ከ1975 እስከ 1990 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ሳያበቃ ነው። እዚያ አንዱን ትምህርት ክርስቲያንና ሙስሊም መምህራን በጋራ ያስተምራሉ። ስለ ቁርኣን የተናገርሽውን ቁርኣንን የሚያምንበት ሰው ፊት ለፊት ያርምሻል፤ ስለ ሥላሴ ሲጠይቅሽም ለራስሽ ሰው የምትመልሽው አጭር መልስ አይበቃውም። በአገራችን ስለ እስልምና ክርስቲያን ለክርስቲያን፣ ስለ ክርስትናም ሙስሊም ለሙስሊም ብቻ ሲያስተምር ስንት ስህተት ሳይታረም እንደሚያልፍ ያን ጊዜ ይገባሻል። ለዚህ ደግሞ ዐረብኛ ያስፈልግሻል፤ የገበያውም የመጽሐፉም። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሊባኖስን ግን እንደ አርአያ አትውሰጂ። መንግሥት የሚያውቃቸው 18 የሃይማኖት ወገኖች አሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሺዓ ነው። የየወገኑ ቁጥር የሥልጣን ድርሻን ስለሚያናጋ ከ1932 ወዲህ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም። ጋብቻም በየሃይማኖቱ ፍርድ ቤት ሥር በመሆኑ በሃይማኖት ተለያይተው የተዋደዱ ቆጵሮስ ሄደው ይፈራረማሉ። በጦርነቱ ዘመን ከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ የከፈላት መስመር በደማስቆ መንገድ ነበር የሚያልፈው። በዚያ መንገድ ስትሄጂ ቀስ በዪ፤ ሽማግሌዎችንም ጠይቂ።

እዚያ ያሉ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ሲጠይቁሽ ነጃሺን ያነሡልሻል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የተቀበለው፣ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ሲያነብለት አለቀሰ የሚባልለት ንጉሥ ነው። አንቺ ደግሞ በልብሽ ግራኝ አሕመድንና የ1521 ዓ.ም.ን የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ይዘሽ ይሆናል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የክርስቲያን ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1870 ዓ.ም.ን ይዘላል። ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ያዘዙበት ዘመን ነው፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ራስ ሚካኤል ሆኑ። ይህንን ታሪክ ሙስሊም እስኪያነሣብሽ አትጠብቂ፣ ራስሽ አንሺው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረው መሰለፋቸውንም አትርሺ።

የመርየም ነገር ቤይሩትም ይጠብቅሻል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጃምሁር ላይ ባለው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች የብሥራትን በዓል አብረው ማክበር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት ማርች 25ን የጋራ ብሔራዊ በዓል አደረገው። ሂጂና እዪ።

አሁን አባትሽን ወደሚከብደው ነገር። ቤይሩት ውስጥ ሐምራ ሰፈር መጽሐፍ ይዘሽ ስትሄጂ የማን ቤት እንደምትሠሪ የሚጠይቅሽ ሰው ይኖራል። “ተማሪ ነኝ” ብለሽ በኩራት በሰው ቤት ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን እህቶችሽ ራስሽን አትለዪ። በከፋላ ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይጠብቃትም። በ2020 ገንዘቡ ሲወድቅ ማዳሞች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ሃዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ያለ ደመወዝ ጥለዋቸው ሄዱ። ከተባረሩትም መሃል ማተብ ያሰረች አለች፣ ሒጃብ የለበሰችም አለች፤ አሠሪያቸውም ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ ክርስቲያንም። የእምነት ግንኙነት የምትማሪበት ከተማ ይህን እያሳየሽ ትምህርቱ የሊቃውንት ንግግር ብቻ ከሆነ ጎድሎበታል።

ስለዚህ እሑድ ዕረፍት የወጡትን የቤት ሠራተኞች ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ሄደሽ ተዋወቂያቸው። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ርዕስ ስትመርጪ፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ኪራይ ተካፍለው የሚኖሩት ክርስቲያንና ሙስሊም እህቶቻችን ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ ምን እንደሚያደርጉ፣ አንዷ ስትታመም ማን እንደሚጸልይላት አስቢበት። ፈቃዳቸውን ጠይቂ፣ ስማቸውን አትጻፊ፣ ጽፈሽ ስትጨርሺም መጀመሪያ ለእነርሱ አንብቢላቸው።

አባትሽ