ስለ እንጦጦ ራጉኤልና ስለ አሮጌ የኪስ ሰዓት

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ፥ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አልፎ ወደ ራጉኤል ሲደርስ ትንፋሹ ያጥረዋል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው። ስምንት ማዕዘን ሁኖ የታነጸው አሮጌው የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በጎረቤቱ በእንጦጦ ማርያም ነው።

ራጉኤል በመጽሐፈ ሄኖክ ስሙ ከብርሃናት ጋራ ተያይዞ የተጻፈ መልአክ ነው። ጊዜ ደግሞ የሚለካው በብርሃናት ጉዞ ነውና፥ ይኸው መጽሐፍ መዓልቱንና ሌሊቱን በ18 ክፍል ይከፍለዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ይቈጥሩታል። አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ጊዜን ያውቁ ነበር። የኪስ ሰዓት የጨመረልን ነገር ቢኖር፥ ፀሐይ በደመና ስትሸፈን እንኳ መቍጠሩን የማይተው መኪና መሆኑ ነው።

ምኒልክ የእጅ ሥራን እጅግ ይወዱ ስለ ነበር፥ በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው መሐንዲስ ሰዓት በመሥራት ከታወቀችው ከስዊስ አገር ወደ ሸዋ መጣ። በዚያ ዘመን የተሠራ የኪስ ሰዓት ዛሬ በአንዳንድ ቤት የአባት ቅርስ ሁኖ ይገኛል። ይህ ሰዓት ወድቆ ሲቆም፥ አንዱ ባለቤት ሞተ ብሎ በሣጥን ይዘጋበታል፤ ሌላው ለችኩል ሠራተኛ ይሰጠዋል። በሣጥን ያለው ሌላ ቀን ሊድን ይችላል፤ በችኩል እጅ የተበላሸው ግን መዳኑ ያስቸግራል።

በሰዓቱ ውስጥ ሚዛን የሚባል መንኰራኵር አለ። እንደ ፀጉር በቀጠነ ሞላ እየተሳበ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በብዙዎቹ አሮጌ ሰዓቶች ምቱ በአንድ ሰዓት 18,000፥ በአንድ ቀን 432,000 ነው። የዘንጉ ሁለት ጫፎች ውፍረት ግን ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነውና፥ ሰዓት ሲወድቅ አስቀድሞ የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው።

ብልህ ሠራተኛ አስቀድሞ የዋናውን ሞላ ኀይል ቀስ አድርጎ ይለቃል፤ ይህን ሳያደርግ ቢፈታው መንኰራኵሮቹ በድንገት ዞረው ጥርሳቸው ሊሰበር ይችላልና። ከዚያ በኋላ ብሎኖቹን በየተራቸው ያኖራል፤ የደረቀውን ዘይት ያጥባል፤ ጫፉ የሚዞርበት ዕንቍ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ይለውጠዋል። ለተሰበረው ዘንግ ምትክ ካልተገኘም በልኩ ሌላ ከጠንካራ ብረት በትንሽ ቶርኖ ቀርጾ፥ ጫፉን እስኪያበራ ድረስ ይወለውላል። አዲሱን ዘይት በመርፌ ጫፍ ያህል ብቻ ያኖራል፤ የበዛ ዘይት ከቦታው እየፈሰሰ አቧራ ይሰበስባልና።

ከዚህ በኋላ ፍጥነቱን ማስተካከል ይቀራል። በእንጦጦ ከፍታ ሚዛኑን የሚቃወመው አየር ስስ ስለ ሆነ፥ በባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሰዓት እዚህ በቀን ጥቂት ሰከንድ ሊፈጥን ይችላል። እንግዲህ ሰዓቱ ባለቤቱ በሚኖርበት ስፍራ፥ ተኝቶም ቆሞም፥ ለብዙ ቀን መመርመር ይገባዋል።

አንባቢ ሆይ፥ የአባትህን ሰዓት ለማሳደስ ስትሰጥ ሦስት ነገር አደራ በል። ያልተሰበረው አይለወጥ፤ የተሰበረው ዕቃ ተጠቅልሎ ይመለስ፤ በክዳኑ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት በመወልወል አይጥፋ። ዘንጉ አዲስ ቢሆን ሰዓቱ ያው የአባትህ ሰዓት ነው፤ መኪናው በሙሉ ቢለወጥ ግን የቀረልህ የአባትህ ክዳን ብቻ ነው።