ሦስት ካውቦይ ለአንዲት ወይዘሪት

ቪዲዮ ቤት ያሳደገን ሰዎች ስለ ካውቦይ ሁለት ነገር እናውቃለን፤ አክተሩ አይሞትም፣ አክተር ደግሞ አንድ ነው። ዘንድሮ በስልኬ የማነባቸው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለዶች የመጀመሪያውን ሕግ አክብረው ሁለተኛውን ሽረውታል። አንዲት ከተሜ የአያቷን የከብት እርባታ ትወርሳለች። ስትደርስ አጥሩ ፈርሷል፣ ዕዳው ተቆልሏል፣ ሸሚዝ የሚከብዳቸው ሦስት ጎረምሶች ደግሞ በረቱ ደጃፍ ቆመዋል። የትኛውን ትመርጥ ይሆን ብለን ስንጨነቅ እሷ አንዳቸውንም አትተውም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ገጾች ታክሲ ውስጥ ሳነብ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት አንገታቸውን እንዳያሰግጉ የስልኬን ብርሃን እቀንሳለሁ።

ይህ ጉድ ከየት መጣ ብዬ ዘሩን መቁጠር ጀመርኩ፤ ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ልከተልና።

እውነተኛው ካውቦይ ለፍቅር የሚመች ሰው አልነበረም። ከ1865 በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የቴክሳስን ከብት እስከ ካንሳስ ባቡር ጣቢያ የሚነዳ፣ በወር ከ25 እስከ 40 ዶላር የሚከፈለው፣ አቧራ ለብሶ የሚያድር ቅጥረኛ ነበር። ከመካከላቸው ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን ብዙ ነበሩ፤ የገመድ አወራወሩም የኮርቻው አሠራርም የተወረሰው ከሜክሲኮ እረኞች ነው። እሾሃማ ሽቦ ሜዳውን ሲያጥረው፣ በ1886 መጨረሻ የገባው ብርድ ደግሞ ከብቱን ሲፈጀው ያ ዘመን አበቃ።

ካውቦዩ ሥራ ሲያጣ ደራሲዎች ቀጠሩት። ለጤናው ሲል በ1885 ወደ ዋዮሚንግ የሄደው የፊላደልፊያው ኦወን ዊስተር በ1902 «ዘ ቨርጂኒያን» የተባለ ልብ ወለዱን አሳተመ። እዚያ ውስጥ ከቬርሞንት የመጣች አስተማሪ ካውቦዩን፣ ከባላጋራህ ጋር ከተታኮስክ ሠርጉ ቀረ ትለዋለች። ተታኮሰ፤ አገባችው። ብዙም ሳይቆይ ስለ ሞንታና ካውቦዮች የምትጽፈው በርታ ባወር «ቢ. ኤም.» በሚሉ ፊደላት ተሸፍና ስትወጣ አንባቢው ወንድ መስላው ነበር። በ1924 የጀመረው «ራንች ሮማንስስ» መጽሔት ፈረስና ፍቅርን አንድ ጋጣ አስገብቶ እስከ 1971 ዘለቀ። በ1972 ደግሞ ካትሊን ውዲዊስ ካውቦይ በሌለበት ልብ ወለዷ የመኝታ ቤቱን በር ለአንባቢ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ካውቦዩም ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

የወንዶቹ ብዛት ግን የዘመኑ ደራሲዎች ፈጠራ አይደለም። ዋዮሚንግ በ1869 ሴቶች ድምፅ እንዲሰጡ ስትፈቅድ ለአንዲት አዋቂ ሴት ስድስት ያህል ወንድ ነበረባት፤ ከሕጉ ምክንያቶች አንዱም ሴቶችን ወደዚያ ምድረ በዳ መሳብ ነበር። ስለዚህ የዛሬዋ ጀግና ሦስቱን ብቻ መያዟ ቁጥብነት ነው።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ድሮ ወንዶቹ ተታኩሰው የተረፈው ያገባት ነበር። አሁን እርባታው በስሟ ነው፤ ሽጉጥ የሚመዝም የለም። አንዱ አጥር ይጠግናል፣ አንዱ ፈረስ ያበላል፣ ሦስተኛው ማንም ሳያዘው ቁርስ ያቀርባል። ማታ ሦስቱም ውሎሽ እንዴት ነበር ብለው ይጠይቋታል፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ።

ዊስተር ካውቦይ የቀጠረው ወንድነት ከተማ ውስጥ የጠፋበት ስለመሰለው ነው። የዛሬዎቹ ደራሲዎችና አንባቢዎች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የጎደለንም ሌላ ነው። እኔም ቢሮ ውዬ ማታ ጓዳ የምገባ ነኝና የሚያልበኝን ገጽ ለይቼ አውቀዋለሁ። የመኝታ ቤቱን ትዕይንት አምናለሁ፤ ሰው ነው፣ ይሆናል። ሦስት ወንዶች አንድ ቤት ሲኖሩ ሳህኑን ማን ይጠብ ብለው አንድ ቀን እንኳ አለመጣላታቸውን ግን ማንም ደራሲ አያሳምነኝም።