ከንባብ ለተለየ ወዳጅ

ከንባብ የራቀ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከመጀመሪያውም ፊደልን ለጉዳይ ብቻ የተማረ ነው፤ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ማስታወቂያ ያነባል፣ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ አያምረውም። እንደዚህ ላለው ሰው የምናዝንበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ግን የመጽሐፍን ጣዕም አንድ ጊዜ የቀመሰ፣ የኩራዙ ጋዝ እስኪያልቅ ያነበበ፣ ከዚያም ኑሮ ሲያዋክበው ቀስ በቀስ የተወ ነው። ይህኛው ምን እንደጎደለበት ያውቃል። መመለስም ይፈልጋል፤ በየት በኩል እንደሚገባ ግን ይጠፋዋል።

የእኔ ወዳጅ ከሁለተኛው ወገን ነው። በወጣትነታችን ወረኢሉ ላይ አብረን አስተምረናል። ከደሴ የመጣች አንዲት ልብ ወለድ በመምህራን መካከል እንደ እቁብ በተራ ትዞር ነበር፤ ተራው የደረሰው ሰው ሦስት ሌሊት ይይዛታል። እርሱ በአንዱ ሌሊት ጨርሷት፣ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ክፍል ይገባ ነበር። ኋላ የሚነበበው ነገር ሁሉ መመሪያ፣ የሥልጠና ሰነድና ሪፖርት ሆነ። ንባብ ከደስታነት ወጥቶ ግዴታ ሆነበት። ጡረታ ሲወጣ ግዴታው ቀረ፤ ደስታው ግን አልተመለሰም። ባለቤቱ ካረፈች ደግሞ ሁለት ዓመት አልፏል።

«ቀኑስ በሰው በሰው ይገፋል፤ ማታው ነው የጠመመብኝ» አለኝ በስልክ። የደጋ ማታ ምን እንደሆነ የወረኢሉ ሰው ያውቀዋል፤ ብርዱ ሰውን በጊዜ ቤት ያስገባና በሩን ያዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጋቢው፣ ምድጃውና የገዛ ሐሳብ ነው። እንግዲህ ማንበብ ልጀምር ብሎ «አደፍርስ»ን አነሣ። «ሁለት ገጽ አነብና ሦስተኛው ላይ ሐሳቤ ጥሎኝ ይሄዳል። ከእንግዲህስ ለመጽሐፍ የምሆን አልመሰለኝም» አለ።

ይህን ሲል ዝም ብዬ ለመስማት አልቻልኩም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስንቱን የሠለጠነ አንባቢ ያንገዳገደ መጽሐፍ ነው። ድንቅ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ለዓመታት የተኛ ሰው በተነሣ ማግስት ዳገት አይወጣም። ለወዳጄም የነገርኩት የገዛ አገሩን ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የዓድዋን ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋን ሰው በቀጥታ ትግራይ ድረስ አላሉትም፤ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዘዙ። ጦሩ መጀመሪያ ተሰበሰበ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ሄደ። «አንተም መጀመሪያ ወረኢሉ ክተት፤ አደፍርስ ዓድዋህ ነው፣ ይደረስበታል» አልኩት። ሣቀ። ከባለቤቱ ሞት ወዲህ ሲሥቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ መክተቻው የቱ ነው? ያለ ማመንታት በዓሉ ግርማ አልኩት። መጀመሪያ በ1962 ዓ.ም. የወጣው «ከአድማስ ባሻገር»። ከመሥሪያ ቤት ወንበሩና ከሥዕል ፍቅሩ መካከል ቆሞ የሚዋልል አበራ የሚባል ሰው ታሪክ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ጭውውቱ ፈጣን ነው፤ አንባቢን እጁን ይዞ ይወስደዋል። ከዚያ ቀጥሎ «ኦሮማይ»። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ከ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አስመራ ወርዶ የሚያየውንና የሚሆነውን ይተርካል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ሰው ሕይወቱን የከፈለበትን መጽሐፍ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጥሎ መሄድ ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄዋለሁ። አስተማሪ የነበረ ሰው እስክሪብቶ ሳይዝ አያነብም፤ ያሰምራል፣ ከዳር ይጽፋል፣ ፈተና የሚያወጣ ይመስል ቁም ነገር ይለቅማል። «እስክሪብቶህን አርቀው» አልኩት። ልብ ወለድ የሚጠየቁበት ትምህርት አይደለም። ሃምሳ ገጽ ሄዶ ካልያዘህም ዝጋውና ሌላ አንሣ፤ መጽሐፍ ዕዳ አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «ይኼ አበራ የሚሉት ሰውዬ ሥራውን ለቆ ምን ሊበላ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ አበራ ተከራከርን። ከወረቀት ከተሠራ ሰው ጋር መጣላት ከጀመረ ወዳጄ ድኗል ማለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ያልኩት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው፤ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል የጻፈችውን ነቢይ መኮንን የተረጎመው። ነቢይ ይህን ሥራ የሠራው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ ለእስር ጓደኞቹ እያነበበላቸው፣ ወደ 3000 በሚጠጋ የሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። መጽሐፉ ስለ ጥቁሮች ባርነት የሚሰጠው ሥዕል የጌቶቹ ወገን ሥዕል ነውና እየተጠነቀቁ ማንበብ ይገባል። ከጦርነት በኋላ በፈረሰ ቤት ቆሞ «ነገስ?» የሚል ሰው ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደጁ ላለፈበት የደቡብ ወሎ አንባቢ ባዕድ አይሆንም።

ለጊዜው ይቆይህ ያልኩትም አለ። የብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል» ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የወሎን ረሃብ ያነሣል። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም ሐዘን ላይ ላለ የወሎ ሰው፣ ያውም ብቻውን በሚያመሽበት ቤት፣ አሁን አይታዘዝም። መድኃኒትም እኮ ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ ይባላል።

የመጨረሻው ምክሬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ለብቻው ለሚያነብ ጀማሪ ያስፈራል። ግን አገሩ መጽሐፉን በዓይኑ ብቻ መቼ አነበበው? በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል፣ በጉዱ ካሳ ንግግር ተደንቋል። ወዳጄ ዘንድ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጁ አለች፤ እርሷም ማታ ማታ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ነው የምታመሸው። «አንተ ዓይንህ ይደክማል፣ እርሷ ደግሞ አማርኛዋ ይሣሣል፤ በየማታው አሥር ገጽ ታንብብልህ፣ ያልገባትን አንተ ንገራት» አልኩት። ታሪኩ ሩቅ አገር አይደለም። ከመካነ ሰላም በኩል ዓባይን ቢሻገሩ ጎጃም ነው፤ ዲማም እዚያው ማዶ ነው።

«ስንት ወር ይፈጅብናል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ እንጃ። ክረምቱን ከያዛቸው ይበቃል።