አንገት ላይ ያለው መነጽር

ባሌ ውስጥ ወዳለችው ጊኒር በሄድኩ ቁጥር የሰፈሬ ወጣቶች ስለ ጠመንጃ መነጽር ይጠይቁኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ጊዜ ያቀርባል?» አልፈርድባቸውም። ያደግነው ጠመንጃ በስሙና በዘሩ ተለይቶ በሚታወቅበት አገር ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀውን የባሌ አመጽ ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት ዶምቢር በሚባለው ጠመንጃ ስም ነው። ከጣሊያን ወረራ የተረፈው አሮጌ መሣሪያም በአገሩ ሁሉ ለዘመናት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ልጅ ስለ ጠመንጃ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

አጎቴ ዓልሞ ተኳሽ የሚባል ሰው ነበር። በፈቃድ የያዘው አሮጌ ጠመንጃ መነጽር አልነበረውም። ከኋላ መሐሏ የተቦረቦረ ብረት፣ ከፊት አንዲት ቀጭን ዘንግ፣ በቃ። ፀሐይ በበረታ ቀን የፊቷን ዘንግ ኩራዝ ጭስ ላይ ይይዝና ጥላሸት ያለብሳታል። ብረቷ ካብለጨለጨች ብርሃን የመታት ጎኗ ብቻ ለዓይን ስለሚጎላ ተኳሹ ሳያውቀው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። «ዓይንህን ዘንጓ ላይ አድርግ፤ ዒላማው ይደብዝዝ ግድ የለም» ይለኝ ነበር። የሰው ዓይን ቅርቡንና ሩቁን በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይማ። ሃምሳውን ሲያልፍ ግን ዘንጓ ራሷ ደበዘዘችበት፤ ኩራዙም ጥላሸቱም ምንም አልፈየደለትም። የጠመንጃ መነጽር ትልቁ ጥቅም ምን እንደሆነ የገባኝ በእሱ ዓይን ነው። ምልክቱንና ዒላማውን እኩል ርቀት ላይ ያሉ አስመስሎ ያሳያል፤ የደከመ ዓይን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይኖርበትም። ማቅረቡ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በኋላ ባሌ ደጋ ውስጥ ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር የመንገድ መሪዎች ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ከጊኒር በጎሮ በኩል ወደ ሮቤ፣ ከሮቤ ወደ ጎባና ከዚያም ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ከ2,000 ሜትር በታች ተነስቶ ሰነቴ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ይደርሳል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አደን ክልክል ነው። ከፓርኩ ውጭ ግን እንደ ኦዶ ቡሉና አባሸባ ደመሮ ያሉ፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የሚታደንባቸው ቀበሌዎች አሉ። እንግዳው ከባሕር ማዶ ድረስ የሚመጣው ለደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የውጭ ሳይንስ ያወቀው እንኳ ገና እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አንዱን ከገደለ በኋላ ነው። የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው አጥቢዎች አንዱ ስለሆነ የሚፈቀደው ያረጀ ወንድ ብቻ ነው። ዕድሜውን ከቀንዱ ጫፍ፣ ከጠቆረው ጠጉሩ፣ ከአረማመዱ አይቶ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል።

የእኔ ሥራ ከመሣሪያው ይጀምራል። ጠመንጃው በአውሮፕላን ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሲወረወር፣ ከሮቤ ወዲያ ባለው ጥርጊያ ላይ ሲናጥ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ ማንም እንግዳ የአደን ሰፈራችን ውስጥ መቶ ሜትር ላይ በተሰቀለ ወረቀት ሳይተኩስ ወደ ጫካ አይገባም። አንዳንዶቹ ይህን እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፤ ቤታቸው አስተካክለው መጥተዋልና። እኔ ግን ሒሳቡን አውቀዋለሁ። መነጽሩን የያዙት ሁለት ቀለበቶች በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ አንደኛው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ፈቀቅ ቢል፣ ጥይቱ መቶ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ይህ በአንድ አጋዘን ላይ በልብና በሆድ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሆዱን የተመታ አጋዘን ወዲያው አይወድቅም፤ ጥቅጥቅ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባና ለሰዓታት ይሠቃያል። በደም ዱካው የተከተለ ሰው ያንን አይረሳውም። ገንዘባቸውን ሁሉ ብርጭቆው ላይ ጨርሰው ማሰሪያውን በርካሽ የሚገዙትን የምቆጣው ለዚህ ነው።

ብሎኖቹ ዘይት ሊኖርባቸው አይገባም፤ ተጠርገው፣ ከመጠን ሳያልፉ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንድ ባልደረባዬ ያሳየኝን አደርጋለሁ፦ ከብሎኑ ራስ እስከ ቀለበቱ ድረስ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር እስባለሁ። ጠዋት በባትሪ ሳበራበት መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ያ ጠመንጃ ወረቀት ላይ ሳይፈተሽ የትም አይሄድም።

ቅዝቃዜውም የራሱ ጣጣ አለው። ማታ ውጭ የዋለውን መነጽር ምድጃ ወዳለበት ድንኳን ያስገባ ሰው ወዲያው ብርጭቆው ላይ ላብ ያገኛል። ናይትሮጅን የተሞላ መነጽር ውስጡ አያልበውም፤ ውጩ ግን ያልበዋል። ሲያልበው ሰዉ ሁሉ እጁ የሚሄደው ወደ ጋቢው ጫፍ ነው። ጋቢው ከጎሮ መንገድ የተሸከመውን አቧራ ይዟል፤ አቧራው ብርጭቆውን ይፍቀዋል፣ ስሱ ሽፋኑም ተመልሶ አይመጣም። መጀመሪያ አቧራውን በመንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ ለዚሁ በተዘጋጀ ጨርቅ መጥረግ። መሣሪያውን ደግሞ ውጭ፣ ከልባሱ ሳያወጡ፣ በተቆለፈ ሣጥን ማሳደር ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከመጽሐፍም ይገኛል። ቀጥሎ ያለውን ግን ያገኘሁት ከአንድ ሽማግሌ መንገድ መሪ ነው።

ጎህ ሲቀድ አስታው መሐል ተቀምጠን ነበር። ጭጋጉ እየመጣ እየሄደ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ከፊታችን አንድ ቡናማ ነገር ዝቅ ብሎ ይነቃነቃል፤ ቁመቱም ቀለሙም ሣር የሚግጥ አጋዘን ይመስላል። እንግዳችን ረጋ ያለ፣ ብዙ አገር ያደነ ሰው ነው። ምን እንደሆነ ለማየት ጠመንጃውን አንስቶ በመነጽሩ ተመለከተ። ጣቱ ቃታው ላይ አልነበረም። እኔም ምንም ነውር አልታየኝም፤ ለማየት አይደል መነጽሩ? ሽማግሌው ግን እጁን ሰደድ አድርጎ አፈሙዙን ወደ መሬት ተጫነው። እንግዳው ዞር ሲል የራሱን ባለ ሁለት ዓይን የአንገት መነጽር አውልቆ ሰጠው። እኔም የራሴን አነሳሁ። ከቡናማው ነገር በስተግራ የበቅሎ ጆሮ አየሁ፣ ቀጥሎ የማገዶ እስር። ወዲያው ቡናማው ነገር ቀና አለ፤ ብርድ ልብስ የተከናነበች ሴት ናት፣ ማጭድ በእጇ። እስሯን በቅሎዋ ላይ ጭና ቁልቁል ወረደች። እዚያ መሆናችንን አላወቀችም።

ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ሰው ላይ ተደግኖ ነበር። ማንም ሊጎዳት አላሰበም፤ ጠባዩ የሚያስከፋም ሰው አልነበረም በመካከላችን። እግሬ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከሄደች በኋላ ነው። ሽማግሌው ወደ ሰፈር ስንመለስ በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ በጠመንጃ ያየኸው ነገር ላይ ግማሽ ተኩሰሃል» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ለምን እንግዳው በቅሎዋን እንዳላየ ብዙ አስቤበታለሁ። 10 ጊዜ የሚያቀርብ የጠመንጃ መነጽር መቶ ሜትር ላይ የሚያሳየው ስፋት 4 ሜትር ገደማ ነው። 8 ጊዜ የሚያቀርበው፣ 8 በ42 የሚባለው የአንገት መነጽር ግን 13 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ባሌ ጫካ ውስጥ እረኛ አለ፣ ማገዶ ለቃሚ አለ፣ ማር ቆራጭ አለ፣ ከብት አለ። እነሱን የሚነግርህ የዒላማህ ጎንና ጀርባ ነው። አብዝቶ ያቀረበ መነጽር ያንን ጎንና ጀርባ ቆርጦ ያስቀረዋል፤ የሚያሳይህ ልታየው የጓጓኸውን ብቻ ነው። አንድ ዓይን ጨፍነህ፣ ትከሻህ ላይ ሰደፍ ደግፈህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ ስትመለከት ደግሞ ልብህ አስቀድሞ «አጋዘን ነው» ብሎ ወስኗል።

ስለዚህ «ስንት ጊዜ ያቀርባል?» ለሚሉኝ ልጆች መልሴ ረጅም ነው። የፊቱን ብርጭቆ ስፋት ለማቅረቡ አካፍለው እላለሁ። 40 ሚሊ ሜትር ብርጭቆ ያለው መነጽር ማቅረቡ 9 ላይ ሲዞር ወደ ዓይን የሚያደርሰው የብርሃን ክብ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ 6 ላይ ሲመለስ ወደ 7 ይጠጋል። አጋዘን የሚወጣው በጎህና በምሽት ነው፤ በዚያ ሰዓት አብዝቶ ማቅረብ ማጨለም ነው። ከሁሉ በፊት ግን የአንገት መነጽር ግዙ እላቸዋለሁ፤ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሆንም ፈቃዱን አውጥታችሁ። ጠመንጃውስ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ አይያዝም አይደል? የአንገቱ መነጽር እርሻ ለመጠበቅም፣ ወፍ ለማየትም፣ የጠፋ ከብት ለመፈለግም ያገለግላል፤ ማንንም አይገድልም።

እኔ በምሠራበት ሰፈር አሁን አንድ ደንብ አለ። የአንገት መነጽር ሳይዝ ለመጣ እንግዳ ከእኛው አንዱን እንሰጠዋለን፤ እኔ አንገቱ ላይ አስሬለት፣ ከፊታችን ያለውን ተረተር በእሱ አይቶ ያየውን ይነግረኛል። ጠመንጃው ከሣጥኑ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።