እርሳስ ይዘን ወደ ጓሳ

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆች ሲያርፉ «ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እኔ ዘመሮ የምኖር ጡረተኛ ነርስ ነኝና ምክሬ ቅርብ ነው፤ መንገዱን ጠያይቃችሁ፣ ወረቀትና እርሳስ አስይዛችሁ ጓሳ ውሰዷቸው።

ጓሳ በመንዝ ጌራ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የውርጭ አገር ነው። የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያስቀረው ቦታው ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ መድቦ መልሶ አቀናው።

ለጀማሪ ሠዓሊ ጭላዳ ይመቻል፤ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። የልጅ ልጄ መጀመሪያ የሣለው ጭላዳ ውሻ ይመስል ነበር። «እጁን እየው» አልኩት። በሥራ ላይ ሳለሁ ለተለማማጆች የምነግራቸውም ይህንኑ ነበር፤ በሽተኛውን ከመንካታችሁ በፊት አተነፋፈሱን፣ የፊቱን መልክ እዩ። ልጁ ትኩር ብሎ አየና «እማማ፣ አውራ ጣት አለው እኮ!» አለኝ። ሁለተኛው ሥዕል እጅ ነበረው።

ጅብራንም አሳዩአቸው። ለዓመታት ያድግና አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ቀይ ቀበሮ ከታየ ደግሞ በሩቁ ይሣል፤ በዓለም የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ፣ ያውም በኢትዮጵያ ነው።

ከፍታው ቀልድ አይደለም። ከቆላ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይሩጥ፤ ውኃ ይጠጣ። ራስ ምታቱ ከባሰና ካስታወከው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት። አስም ያለበት መድኃኒቱን ከኪሱ አይለይ። ለጧቱ ብርድ ጋቢ፣ ለቀኑ ፀሐይ ባርኔጣ ያዙ።

ይህን ሁሉ የምለው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ዛሬ በመንዝ ብዙው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ገመዱም ከሱቅ ይገዛል። አባቶቻችን ጓሳን የጠበቁት ስለሚያስፈልጋቸው ነበር። ሣሩ ለክዳን የማያስፈልገው ትውልድ ነገ ምን ብሎ ይጠብቀዋል? ግማሽ ቀን ተቀምጦ የጭላዳን ጣት የቆጠረ ልጅ ግን የሚሳሳለት ነገር አግኝቷል። ስትመለሱ አበባም ሣርም አትቁረጡ፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ስቀሉለት።