ከመስታወቱ ግራና ቀኝ

ነገሩን ያስጀመረችው አባዬ አገጭ ላይ የተለጠፈች የሶፍት ቁራጭ ናት። ለቡሄ ደብረ ታቦር ገብቼ ሳየው «ምላጩ ነው» አለኝ። በማግስቱ በሩ ላይ ቆሜ ሲላጭ አየሁት። ምላጩ አልነበረም። አምፖሉ ኮርኒሱ መሀል፣ ከጀርባው ነው የተሰቀለው፤ ወደ መስታወቱ በተጠጋ ቁጥር የገዛ ጭንቅላቱ ጥላ ፊቱ ላይ ያርፋል። ታቦር ላይ የበራውን ብርሃን በምናከብርበት ሰሞን፣ በተራራው ስም በተጠራ ከተማ፣ ሰውዬው በዳሰሳ ይላጫል!

መታጠቢያ ቤቷን ልናድስ አስበን ስለነበር ሴራሚኩን ለእማዬ ትቼ መብራቱን እኔ ያዝኩ። ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ የሚያወጡልህ 6500 ኬልቪን የሚለውን ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ፤ ጤነኛውን ሰው ደም ያነሰው ያስመስለዋል። 3000ው ቢጫ ነው፣ ለሳሎን ደስ ይላል። 4000 ወሰድኩ፤ ፍንጣቂ ውሃ የሚችል፣ «አይፒ 44» የተጻፈበት።

ኤሌክትሪሺያኑ «አንድ ከመስታወቱ በላይ ይበቃል፤ ግድግዳ ለምን እንቦረቡራለን?» አለ። ከላይ የመጣ መብራት ግንባርን ያደምቅና ዓይንና አገጭ ስር ጥላ ይጥላል። የሚላጨው ደግሞ አገጭ ነው። ተከራክሬ ሁለት አስገጠምኩ፦ ግራና ቀኝ፣ በአባዬ ዓይን ቁመት።

ማታ አበራነው። አባዬ መስታወቱ ፊት ዝም ብሎ ቆየ።

«እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?»

ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። እኔም በደንብ ያየሁት ያኔ ነው።

እማዬ በስልክ እንደምትነግረኝ፣ ሲላጭ ሁለቱንም ያበራል፤ ሶፍት ቀርቷል። ፊቱን ሊታጠብ ሲገባ ግን ያችኑ የኮርኒሷን አምፖል ነው የሚያበራት። ደግነቱ ማብሪያቸው ለየብቻ ነው።